የሚወልቅ ጥርስ ማጣበቂያ ቶሎ የሚለቀው ለምንድን ነው? ከአፋችሁ ጋር እንዴት እንደምታስማሙት

ማጣበቂያው ጠዋት ተቀብቶ ምሳ ሳይደርስ ሲለቅ የመጀመሪያው ተወቃሽ ሁሌም ቱቦው ነው። «ይሄኛው አይረባም» ይባልና ሌላ ይገዛል። ሌላውም ይለቃል። ከዚያ መጠኑ ይጨመራል፣ ክሬሙ በጎን እየወጣ የምግቡን ጣዕም ያበላሻል፣ ጥርሱ ግን አሁንም ይንቀሳቀሳል። ብዙ አባቶችና እናቶች በዚህ ተማርረው ጥርሳቸውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ያለ ጥርስ ይበላሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መፍትሔው አፍ ውስጥ ያለውን ሁኔታ አይቶ አጠቃቀሙን ማስተካከል ነው።

መጀመሪያ ይሄን እወቁ። አብዛኛው ክሬምና ዱቄት የሚሠራው ውሃ ሲነካው ከሚያብጥና ከሚያጣብቅ ነገር ነው። አንዱ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ይባላል፤ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይሟሟል። ከእሱ ጋር ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚይዝና ረዘም ላለ ሰዓት የሚቆይ ሌላ ነገር ይቀላቀላል። ሁለቱም ሥራ የሚጀምሩት ምራቅ ሲያገኙ ነው። ምራቁን ጠጥተው ያብጣሉ፣ በጥርሱና በድዱ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ይሞላሉ፣ አየሩን ያስወጣሉ። ምራቁ ካነሰ አያብጡም። ከበዛ ደግሞ ይታጠባሉ።

ባዶ አፋችሁን እዩ

ጥርሱን አውልቁ፣ አፋችሁን ተጉመጥመጡ፣ መስታወትና የስልክ መብራት ያዙ። የእናት ወይም የአባት ከሆነ እናንተ እዩላቸው፣ ብቻቸውን ላንቃቸውን ማየት ይከብዳቸዋል። የላይኛው ጥርስ የሚያርፍበት ላንቃ ልክ የጥርሱን ቅርጽ ይዞ ቀልቷል? ይሄ ብዙ ጊዜ የፈንገስ ቁጣ ነው፣ በተለይ ጥርሳቸውን አድርገው በሚተኙ ሰዎች ላይ። ላያምም ይችላል፣ ለዚህ ነው ሳይታወቅ የሚቆየው። በተቆጣ ድድ ላይ ማጣበቂያ ደራርቦ መቀባት ችግሩን ሸፍኖ ማቆየት ነውና መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ይየው፤ መድኃኒት አለው። የተላጠ ቦታም ካለ እንደዚያው። ጥርሱ የሚጫነው ቦታ ካለ ሐኪሙ በደቂቃዎች ያስተካክለዋል፣ በቢላ ወይም በሞረድ ቤት ውስጥ እንዳትነኩት። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ካለ ደግሞ ቀጠሮ አታዘግዩ።

ምራቃችሁ ምን ዓይነት ነው?

አብዛኛው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

አፉ የሚደርቅበት ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ። ዕድሜው ብቻውን ሳይሆን መድኃኒቱ ነው ብዙውን ጊዜ የሚያደርቀው። ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ የአለርጂ ክኒኖች፣ አንዳንድ የድብርትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች፣ በዚያ ላይ ያልተስተካከለ ስኳር፣ ወይም ጭንቅላትና አንገት አካባቢ የተሰጠ የጨረር ሕክምና ሁሉ ምራቅ ይቀንሳሉ። ጫትም አፍ ያደርቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰውም ውሃ ሳይጠጣ ስለሚውል ከሰዓት በኋላ ጥርሱ ቢላላ አይገርምም። አፋችሁ ከደረቀ ክሬሙን ከመቀባታችሁ በፊት አፋችሁን በውሃ አርጥቡ፣ ጥርሱንም አርጥባችሁ አራግፉት፤ ማሸጊያው ላይ «ደረቅ ጥርስ ላይ ቀቡ» የሚለው ምራቁ በቂ ለሆነ ሰው ነው። ቀን ላይም፣ የማትጾሙ ከሆነ፣ ውሃ ትንሽ ትንሽ ተጎንጩ። ዱቄት የምትጠቀሙ ከሆነ ጥርሱ እርጥብ መሆኑ ግዴታ ነው፣ ያለዚያ አይይዝም። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ለሐኪሙ «አፌን እያደረቀው ነው» በሉት፣ አንዳንዴ የሚቀየር አለ።

ምራቅ የሚበዛበት ሰው ደግሞ በአብዛኛው አዲስ ጥርስ ያስገባ ነው። አፍ አዲሱን ነገር እንደ ምግብ ቆጥሮ ምራቅ ያፈሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ታገሡ። እስከዚያው ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቁት፣ ድዱንም በፋሻ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፣ ምራቃችሁን ዋጡ፣ ወዲያው አስገቡት። እንዲህ ዓይነት አፍ ውስጥ ከዱቄት ይልቅ ክሬም ይሻላል።

ሦስተኛው ዓይነት ወፍራምና የሚዝለገለግ ምራቅ ነው። እሱ ድዱን ስለሚሸፍነው ማጣበቂያው ድዱን ሳያገኝ ምራቁ ላይ ይቀራል። ጥርሱን ከማስገባታችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ጨው ጨምራችሁ ተጉመጥመጡ።

ችግሩ የታችኛው ነው ወይስ የላይኛው?

የታችኛው ቢያስቸግራችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። የላይኛው ላንቃውን ሁሉ ስለሚሸፍን የሚይዝበት ቦታ ሰፊ ነው። የታችኛው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጠባብ ነገር ነው፣ ምላስ ሲንቀሳቀስ ይገፋዋል፣ ምራቅም የሚጠራቀመው እዚያው ነው። ስለዚህ ማጣበቂያው መጀመሪያ የሚያልቀው ከታች ነው። ምላሳችሁን ዘና አድርጋችሁ የታችኛውን የፊት ጥርስ ከውስጥ በኩል እንዲነካ ልመዱት፤ ወደ ኋላ የሚሸሽ ምላስ ጥርሱን ያስነሳዋል።

አጥንቱ ሸሽቶ ይሆን?

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድዱን የተሸከመው አጥንት እየቀነሰ ይሄዳል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው የበለጠ ይሸሻል። ጥርሱ ግን እንደተሠራ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በፊት ልክ የነበረው ዛሬ ይሰፋል። ያለ ማጣበቂያ አስገቡትና አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ትንሽ ተነጋገሩ። የታችኛው ወዲያው ከተነሳ፣ የላይኛው ከወረደ፣ ማጣበቂያ አያድነውም። ማጣበቂያ ቀጭን ክፍተት ይሞላል እንጂ ሰፊ ጉድጓድ አይሞላም። በወፍራሙ ስትቀቡት ጥርሱ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል፣ አነካከሱ ይዛባል፣ ድዱንም ይፈጫል። የጥርስ ሐኪሙ ውስጡን በአዲስ ቁስ ሞልቶ በዛሬው ድድ ልክ ሊያስተካክለው ይችላል። በየወሩ ለቱቦ ከሚወጣው ገንዘብ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

አቀባቡ

ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ በደንብም አለቅልቁት። የጥርስ ሳሙና ይሞርደዋል። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ስታጥቡ ከሥር ውሃ የያዘ ሳህን አድርጉ፣ ከእጅ ካመለጠ እንዳይሰበር። የትላንት ማጣበቂያ አንድም ቦታ ላይ እንዳይቀር፤ አሮጌው ላይ አዲስ መቀባት ማጣበቂያው በደንብ እንዳይይዝ ያደርጋል። ከዚያ እንደ ምራቃችሁ ዓይነት አድርቁት ወይም አርጥቡት። ለላይኛው ሙሉ ጥርስ የአተር ፍሬ የምታህል ሦስት ወይም አራት ነጥብ ይበቃል፣ ለታችኛውም እንደዚያው፣ ከጠርዙ ራቅ አድርጋችሁ። አስገቡ፣ በጣት ተጫኑ፣ ጥርሳችሁን ግጥም አድርጋችሁ ጥቂት ሰከንድ ቆዩ። በጎን ከወጣ በዝቷል ማለት ነው፣ ነገ ቀንሱ። ከመብላትና ከመጠጣት በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ስጡት።

ቡናና ጉርሻ

ትኩስ ነገር ማጣበቂያውን ቶሎ ያሟሟዋል። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እየተቃጠለ የሚጠጣ ሰው ከቡናው በኋላ ጥርሱ መላላቱ አይቀርም። በረድ እስኪል ጠብቁት። ቆሎ ደግሞ ገለባው ከጥርሱ ሥር ይገባል፣ ይወጋል፣ ጥርሱንም ያነሳዋል። እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ ይመቻል፣ ግን ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ በሁለቱም ጎን እኩል አኝኩ፤ በፊት ጥርስ ገንጥሎ መብላት ከኋላ ያስነሳዋል። ቤተሰቦች፣ የሚወልቅ ጥርስ ላለው ሰው ትልቅ ጉርሻ አትስጡ። ፍቅራችሁን በትንሹ አሳዩ።

ማታ አውልቁት

ለብ ባለ ውሃ ተጉመጥመጡ፣ ጥርሱን ወደ ግራና ቀኝ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፣ በጉልበት አትንቀሉት። ድዱ ላይ የቀረውን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ ምላሳችሁንም ቦርሹ። ጥርሱ ውሃ ውስጥ ይደር፣ ከደረቀ ቅርጹ ይዛባል። ድዱም ሌሊቱን ያርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ከውጭ ለወላጆቻችሁ ቱቦ ለምትልኩ። አንዳንድ ክሬም ውስጥ ዚንክ አለ። በልኩ ከተጠቀሙበት ችግር የለውም፣ ግን ለዓመታት አብዝቶ መቀባት ሰውነት ውስጥ ያለውን መዳብ ቀንሶ ነርቭ እስከመጉዳት እንደሚደርስ ታይቷል፤ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ አካሄድ ይበላሻል። በ2010 እ.ኤ.አ. ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ዚንክ ያለበትን ፖሊግሪፕ የተባለ ማጣበቂያ ማምረቱን ያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ዚንክ የሌለበትን ምረጡ። አጠቃቀሙንም በቀናት ለኩት። የላይኛውንም የታችኛውንም በየቀኑ ለሚቀባ ሰው 68 ግራም ያህል የሚይዝ ቱቦ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ሊቆየው እንደሚገባ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይገልጻል። የእናታችሁ ቱቦ በሁለት ሳምንት ካለቀ ሌላ ቱቦ ከመላካችሁ በፊት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ስትሄድም ጥርሷን፣ ቱቦውንና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዛ ትሂድ።