ባለ ማኖቬላ ማጫወቻና የድሮ ሸክላ እንዴት ይሰበሰባል? ለጎንደር ጀማሪዎች

ብዙ ሰው ስብስቡን የሚጀምረው ጡሩምባው ካማረው ማጫወቻ ነው። እኔ ግን ሸክላውን ያስቀድሙ እላለሁ። ሣጥኑ ቢሰነጠቅ አናጺ ያበጀዋል፤ ሞላው ቢበጠስ ሌላ ይፈለጋል። በደነዘዘ መርፌ የታረሰ ሸክላ ግን ድምፁ አይመለስም።

1. ሸክላን ከሸክላ ይለዩ

ሁሉንም «ሸክላ» ስለምንል ስንቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ቤት በብዛት የሚያጋጥመኝ ትንሿ ባለ 45 ዙር ናት፤ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሐ ሪከርድስ ያወጣት የነበረው ዓይነት። እሷ ፕላስቲክ ናት፣ ጫን ቢሏት ትለመጣለች። በማኖቬላ፣ ማለትም በእጅ በሚዞር እጀታ፣ በሚሠራ ማጫወቻ ላይ ፈጽሞ አትቀመጥም፤ ከባዱ ክንድና የብረቱ መርፌ ይፍቋታል። የምንፈልገው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን ነው፦ ላክ ከሚባል ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ፣ ከበድ ያለ፣ ሲወድቅ እንደ ጀበና የሚሰበር። ወርዱ በአብዛኛው 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ነው።

2. በኤሌክትሪክ የተቀረጸውን ይወቁ

እ.ኤ.አ. እስከ 1925 ድረስ ዘፋኙ ትልቅ ጡሩምባ ፊት ቆሞ ይዘፍን ነበር፤ የድምፁ ጉልበት ብቻ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰሙን ይቀርጻል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን ከሄዱ በኋላ ያስቀረጿቸው ዜማዎች የዚያ ዘመን ናቸው። በ1925 ማይክሮፎንና ማጉያ ገባ። ልዩነቱን ጆሮ ያውቀዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይሞላል፣ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ይላሉ።

በዓይን ለመለየት ደግሞ በመሃሉ ወረቀት ዙሪያ ያለውን ልሙጥ ስፍራ በባትሪ ያብሩበት። የውሻ ምስል ባለበት የሂዝ ማስተርስ ቮይስ ኩባንያ ሸክላ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ በኮሎምቢያ ኩባንያ ሸክላ ላይ ደግሞ ክብ ውስጥ የገባ የላቲን ደብልዩ ካገኙ በኤሌክትሪክ የተቀረጸ ነው።

3. ፍለጋ

ቅዳሜ ገበያን ማሰስ፣ ለቁራሌውም አደራ ማለት ጥሩ ነው። የተሻለው ዕቃ ግን ሰው ቤት፣ አልጋ ሥር ነው ያለው። እማማ ወይም አባባ ዘንድ ሲገቡ ዋጋ አያስቀድሙ። ቡናው እስኪወርድ ማን እንዳመጣው፣ በማን ሠርግ እንደተጫወተ ይጠይቁና የሰሙትን ይጻፉ። ታሪኩ ከሸክላው ጋር ካልተቀመጠ ግማሹ ሀብት ጠፋ ማለት ነው። አልሸጥም ካሉም በስልክዎ ቀድተው አመስግነው ይውጡ።

4. ማጫወቻውን ይፈትሹ

ለጀማሪ ሻንጣ መሳዩን እመርጣለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የተሠራው ሂዝ ማስተርስ ቮይስ ሞዴል 102 ጥሩ ነው። አዲስ የነሐስ ጡሩምባ የተተከለበት፣ የውሻ ምስል የተለጠፈበት ከሆነ ለጌጥ በቅርቡ የተገጣጠመ እንዳይሆን ይጠርጥሩ።

ሞላውን እስኪጠነክር ያዙሩ፣ ከሸክላው ሥር ጫፉ ወጣ ያለ ወረቀት ያድርጉና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይቁጠሩ። ወደ 78 ካልተጠጋ በፍጥነት ማስተካከያው ይሞክሩ። አንዱን ገጽ ሳይጨርስ ከደከመ ምናልባት ግራሶው ደርቋል። የሞላውን ቤት ግን ራስዎ አይክፈቱ፤ ተፈትቶ ሲወረወር ጣት ይቆርጣል። የሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ይፈልጉ።

5. እንክብካቤ

የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ከዚያ ይጣላል። ሸክላውን ለብ ባለ ውኃና በጠብታ የዕቃ ሳሙና ያጥቡ፤ ወረቀቱን አያርጥቡ። አረቄም ሆነ ሌላ አልኮል አያስጠጉ፤ ላኩን ያሟሟል። ከዓመታት በፊት ቆሻሻው ይለቃል ብዬ አንዱን በአረቄ ጠርጌ መስመሩ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሲደርቅ በወረቀት ከረጢት ከተው እንደ መጽሐፍ አቁመው ይደርድሩት፤ ከፀሐይ ያርቁት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ያድርጉት።