በባህላዊ ቀስት ኤክስፖ ላይ ደጋን እንዴት ይሞከራል?

ሚሺገን ውስጥ ካላማዙ በምትባል ከተማ በየዓመቱ በጃንዋሪ ትልቅ የባህላዊ ቀስት ኤክስፖ ይካሄዳል። ቺካጎ ላላችሁ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ደጋን ሠሪዎቹ ሥራቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይቆማሉ፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ መወርወሪያ መስመር አለ። ያማራችሁን ደጋን አስፈቅዳችሁ ትወስዳላችሁ፣ ትሞክራላችሁ፣ መልሳችሁ ሌላ ታነሳላችሁ። ፎቶ አይቶ በኢንተርኔት ከማዘዝ ይህ እጅግ ይሻላል። ደጋን በእጅ ሳይያዝ አይታወቅም።

ግን ዝም ብሎ ያገኙትን ሁሉ መሳብ ሙከራ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ትከሻችሁ ይዝላል፣ ደጋኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላችኋል።

ከቤት ሳትወጡ

ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛው የመሳቢያ ርዝመታችሁ፣ ማለትም አውታሩን የምትስቡበት ርቀት ነው። እጆቻችሁን ወደ ጎን ዘርጉና ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች አስለኩ፤ ያንን ለ2.5 አካፍሉ። 68 ኢንች ከሆነ 27 ገደማ ይመጣል። ግምት ነው፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

ሁለተኛው መሪ ዓይናችሁ ነው። በሁለት መዳፋችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርታችሁ በእሷ በኩል ሩቅ ያለ ነገር እዩ። ከዚያ አንድ ዓይን ጨፍኑ። ነገሩ ከቀዳዳው ካልጠፋ መሪው የተከፈተው ዓይን ነው። የቀኝ ከሆነ በግራ ተይዞ በቀኝ የሚሳብ ደጋን ጠይቁ።

የክንድ መከላከያና የጣት ጓንት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ በአንድ ጓንት ወርውሩ። ጓንት በተለወጠ ቁጥር አውታሩ ከጣት የሚለቀቅበት ሁኔታም ስለሚለወጥ ልዩነቱ ከደጋኑ ይሁን ከጓንቱ መለየት ያስቸግራል።

ክብደቱን ማመሳሰል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክብደት ስል በሚዛን የሚመዘነውን ሳይሆን ደጋኑን ለመሳብ የሚጠይቀውን ጉልበት ነው። ክንፉ ላይ (ከእጀታው በላይና በታች ያለው የሚታጠፈው ክፍል) 45 እና 28 ተጽፎ ካያችሁ፣ አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ ጣታችሁ ላይ 45 ፓውንድ ያርፋል ማለት ነው። አንድ ኢንች በጨመረ ወይም በቀነሰ ቁጥር ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ይለወጣል። ስለዚህ ያው ደጋን 26 ኢንች ለሚስብ ሰው 40 ገደማ ነው፤ 30 ለሚስበው ደግሞ 50 ገደማ። ጎናችሁ የቆመው ሰው «ይቺ ቀላል ናት» ቢላችሁ ለእሱ እንጂ ለእናንተ አይደለም።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። አንድ ክብደት ምረጡ፤ ለጀማሪ አዋቂ ከ30 እስከ 35 ፓውንድ፣ ጉልበቱ አነስ ላለ ደግሞ 25። ከዚያ ቢያንስ እስከ ምሳ ድረስ ከዚያ ክብደት አትውጡ። የደጋኑ ዓይነት ይቀያየር፤ ክብደቱ ግን አይቀየር። 35 ፓውንድ ሎንግቦ (ረጅም ደጋን) እና 50 ፓውንድ ሪከርቭ (ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈ ደጋን) ብታወዳድሩ የምታወዳድሩት ጉልበታችሁን እንጂ ደጋኖቹን አይደለም።

ኤክስፖ ላይ ሰው ያያል፤ በተለይ ወንዶች ከባዱን ካልሳብን እንላለን። አንድ ወዳጄ 55 ፓውንድ ሎንግቦ ሦስት አራቴ ወርውሮ በጣም ወደደውና ገዛው። ሦስት አራቴማ ማንም ይችላል። ቤት ገብቶ በየቀኑ መለማመድ ሲጀምር ትከሻው ታመመ። ሕመሙን ሲሸሽ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይስብ መልቀቅ ለመደ፤ ይህ ልማድ እስካሁን አልለቀቀውም። በ1545 ከሰመጠችው ሜሪ ሮዝ ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የተገኙት ደጋኖች ከ100 እስከ 185 ፓውንድ ይደርሱ እንደነበር ይገመታል። ሰዎቹ ግን ከልጅነታቸው ጀምረው የሰለጠኑ ነበሩ።

ከብዷችሁ እንደሆነ እንዲህ ታውቃላችሁ፦ ሙሉ በሙሉ ሳቡና ጥቂት ሰከንድ ያዙ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ከወጣ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ለመሳብ ደጋኑን ወደ ጣሪያ ማንሳት ካስፈለጋችሁ ይመለስ። ወደ ላይ አንስቶ መሳብ አደጋም አለው፤ ከእጅ ቢያመልጥ ፍላጻው የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ፍላጻውን ከሠሪው ተቀበሉ

መስመሩ ላይ የተገኘውን ፍላጻ አታንሱ። «ለዚህ ደጋን የሚሆነው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለደጋኑ በጣም ደንዳና የሆነ፣ የማይታጠፍ ፍላጻ ለቀኝ እጅ ወርዋሪ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በቀላሉ የሚታጠፍ ከሆነ ወደ ቀኝ። ይህን የማያውቅ ሰው ጥሩ ደጋን ጥሎ ይሄዳል።

ርዝመቱንም እዩ። አጭር ፍላጻ ሲሳብ ጫፉ ከደጋኑ ኋላ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ከተለቀቀ የሚወጋው የያዘውን እጅ ነው። በጣም ቀላል ፍላጻም ጥሩ አይደለም። ለአንድ ፓውንድ 10 ግሬይን (የፍላጻ ክብደት መለኪያ ነው) ብታስቡ፣ ለ40 ፓውንድ ደጋን 400 ግሬይን ማለት ነው፣ ደጋኑ ጸጥ ብሎ ይሠራል። «የእኔ ፈጣን ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ በስንት ግሬይን እንደሆነ ጠይቁት።

ባዶ አውታር ስቦ መልቀቅ ፈጽሞ አይቻልም። ወደ ፍላጻው መሄድ የነበረበት ኃይል ወደ ክንፉ ተመልሶ ደጋኑን ሊሰነጥቀው ይችላል። አውታሩንም ራሳችሁ አትግጠሙ፤ ሠሪው ይግጠምላችሁ። በእግር መሃል አጣምሞ መግጠም ክንፉን ያጣምማል፤ ለዚህ የተሠራ ገመድ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቤትም ቢሆን እሱን ተጠቀሙ።

ምን እንደምታዳምጡ

መጀመሪያ የምትወረውሯቸውን ሁለት ሦስት ፍላጻዎች የት እንዳረፉ አትቁጠሩ። እጃችሁን አዳምጡ። ቀጥ ያለው ሎንግቦ ሲለቀቅ እጀታው እጅን ይነዝራል፤ አንዳንዱ ሰው በቶሎ ይለምደዋል፣ አንዳንዱ ክርኑን ያመዋል። ክንፉ ትንሽ ወደ ፊት የተቀለበሰው ሎንግቦ ንዝረቱ ያንሳል። ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈው ሪከርቭ እጀታው ከበድ ስለሚል እጅ ላይ ይረጋል። ረጅም ክንድ ያላችሁ ግን አጭር ሪከርቭ ስትስቡ መጨረሻው ላይ ድንገት እንደ ግድግዳ ሊቆምባችሁ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ 62 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ሞክሩ።

ከአንድ እንጨት ብቻ የተጠረበ ደጋን ሲሰጧችሁ «እስከ ስንት ኢንች ይሳባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አትለፉ፣ ስባችሁም አትቆዩ። እነዚህ የሚያጠናክራቸው ፋይበርግላስ የላቸውም፤ ከመጠን በላይ ሲሳቡ ይሰበራሉ። ሠሪው በሞረድ ቀስ እያለ ሲፍቀው የከረመ ሥራ ነው።

የፈረሰኛ ደጋን የፍላጻ ማረፊያ የለውም። ፍላጻው እጃችሁ ላይ ስለሚያርፍ ላባው እንዳይቧጥጣችሁ ጓንት አድርጉ። በአውራ ጣት መሳብ የምትፈልጉ ከሆነ ፍላጻው በሌላው ጎን ነው የሚቀመጠው። ይህ የራሱ ትምህርት ነው፤ የሚያሳያችሁ ሰው እስክታገኙ አትጀምሩት።

ከእያንዳንዱ ደጋን በኋላ ስልካችሁ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፦ የሠሪው ስም፣ ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ እጃችሁ የተሰማው። ፎቶም አንሱ።

ግዢ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገዙ የእኔ ምርጫ ክንፉ የሚፈታ ሪከርቭ ነው። ከ200 ዶላር በታች ይገኛል፤ ጉልበታችሁ ሲጨምር እጀታውን ትታችሁ ክንፉን ብቻ ትቀይራላችሁ። በእጅ የተሠራው ውብ ሎንግቦ ብዙ ጊዜ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ ዓመት ተለማምዳችሁ ብትገዙት ይሻላል።

ለማዘዝ ከቆረጣችሁ፣ ከሁሉም የወደዳችሁትን ሁለቱን በማግስቱ ጠዋት ትከሻችሁ ሳይደክም ድገሟቸው። ከዚያ ሠሪው ፊት ሙሉ በሙሉ ሳቡና ርዝመታችሁን እሱ ራሱ ይለካ። ትዕዛዙ ላይ «35 ፓውንድ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ «በ27 ኢንች 35 ፓውንድ» ተብሎ የራሳችሁ ቁጥር ይግባ። የሚረከብበትን ጊዜም አብራችሁ አጽፉ፤ ወራት የሚወስዱ አሉ።