የፕላስቲክ ቅይጡ የእውነት አዲስ ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል፣ ውጪ ያደረ የፕላስቲክ ወንበር ጠዋት ሲቀመጡበት ቀጭ ማለቱ አይገርምም። ወንበሩ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። የሰፈራችን ልጅ ከዚህ ተነስቶ «ጋሼ፣ ፓተንት ላወጣ ነው» ብሎ አንድ ገጽ ይዞ መጣ። የይገባኛል ጥያቄው፣ ማለትም ጥበቃ የሚጠይቅበት ዐረፍተ ነገር፣ «ከ60 እስከ 80 በመቶ ፖሊፕሮፒሊንና ከ20 እስከ 40 በመቶ ፖሊኢትሊን የያዘ፣ ብርድ የሚችል ቅይጥ» ይላል።

ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነውና አዲስነቱን እንፈትሽ። መጀመሪያ «ብርድ የሚችል» የሚለውን በጣትህ ሸፍነው። ያው ቅይጥ በዚያው መጠን ቀድሞ ከታወቀ፣ ብርድ መቻሉን ማንም ባይጽፈውም ባሕርዩ ድሮም አብሮት ነበር። ገብስና ስንዴ ቀይጠህ የጋገርከውን ዳቦ «ሆድ የሚይዝ» ብትለው ያው ዳቦ ነው።

የቀረህ ምን፣ ስንት፣ በምን ተለክቶ የሚለው ነው። በመቶኛው በክብደት ነው ወይስ በይዘት (በሚይዘው ቦታ)? እሱ አልጻፈውም። የቅላጭ ፍሰት ቁጥር (ፕላስቲኩ ቀልጦ ምን ያህል እንደሚፈስ የሚለካ) ካለም ሙቀቱን እይ፤ በ190 ዲግሪ የተለካና በ230 የተለካ አይወዳደሩም።

ከዚያ ፍለጋ። ኢስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕና ጉግል ፓተንትስ የሚባሉት የኢንተርኔት የፓተንት መፈለጊያዎች ነጻ ናቸው። በስም ብቻ አትፈልግ፤ አንዱ «ፖሊፕሮፒሊን» ያለውን ሌላው «ፕሮፒን ፖሊመር» ይለዋል፣ ሌላው በንግድ ስሙ ይጠራዋል። የፖሊመር ቅይጦች የሚመደቡበትን ሲ08ኤል (C08L) የሚለውን መደብ ጨምርበት። ስታነብ ደግሞ ማጠቃለያው ላይ አትቅር፣ ቀጥ ብለህ ወደ ምሳሌዎቹ ሰንጠረዥ ውረድ። ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

እዚያ 70 ለ30 የሚል አንድ መስመር ካገኘህ፣ ከ60 እስከ 80 ያለው ወሰን አበቃለት። በተቃራኒው ግን አይሠራም፦ የድሮው ሰነድ በጥቅሉ «የፖሊኦሌፊኖች ቅይጥ» (ፖሊፕሮፒሊንም ፖሊኢትሊንም ያሉበት የፕላስቲክ ቤተሰብ) ብቻ ካለ፣ ያንተን የተለየ ቅይጥ አዲስነት አይነጥቅህም። ሌላው ብዙዎች የሚስቱት፣ ሁሉም ነገር በአንድ ሰነድ ውስጥ መገኘት አለበት። ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ ለቅሞ «አዲስ አይደለም» ማለት አይቻልም፤ ያ ለባለሙያ ግልጽ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱም ቀላል ፈተና አይደለም።

«የያዘ» የምትለዋን ቃልም ልብ በል። ሦስተኛ ነገር የገባበት የድሮ ቅይጥም ይመታሃል። «ብቻ የያዘ» ብትል ታመልጣለህ፣ ግን ጥበቃህ ትጠባለች።

«እኛ አገር የሠራው የለም» አያዋጣም። የአገራችን የፓተንት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987፣ የዓለምን ሁሉ ያያል፤ ጽሑፍም ይሁን ንግግር ወይም አገልግሎት ላይ መዋል። ራስህ ከማመልከትህ በፊት ባሉት 12 ወራት ያሳየኸው አይቆጠርብህም፤ አውሮፓ ላይ ግን እንዲህ አይራሩልህም።

ከልጁ ጋር 70 ለ30ን ያገኘነው ቡናው ሳይፈላ ነው። ፊቱ ጠቆረ። በኋላ ግን «እኔ እኮ የጎማ ዱቄትም እጨምርበታለሁ» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ለምን አልጻፍከውም ስለው «ሚስጥር ነዋ!» አለ። አሁን መጠኑን በግራም እየመዘነ ነው፣ እኔም ፍለጋውን እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ።