በቤተ መጻሕፍት ተውኔት ማስነበብ፦ ከሐዋሳ የምመክረው

ተውኔትን በንባብ ማቅረብ ማለት አንባቢዎች ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው፣ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለው፣ ሰው ፊት ቆመው ጮክ ብለው የሚያነቡበት ዝግጅት ነው። መጋረጃ የለም፣ አልባሳት የለም፣ በቃል ማጥናትም የለም። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ንባብ በበጎ ፈቃድ አስተባብራለሁ፤ ከሌላ ከተማ እየደወሉ «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ለሚሉኝ በስልክ ከማስረዳ ብዬ ጻፍኩት።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ነገር ገንዘብ ሲጠፋ የሚሠራ ቲያትር አይደለም። እንደዚያ ካሰባችሁት አንባቢዎቻችሁ ግማሽ ተዋናይ፣ ግማሽ አንባቢ ሆነው ሁለቱንም ያበላሹታል። እዚህ ሥራው የጆሮ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ማዳመጥ ያውቅበታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ስንቱ ሥራውን አቁሞ የሰማው የሚታይ ነገር ኖሮ አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ የሚያግዝ ነው፤ ለዚህ የማይረዳ ነገር ካያችሁ ተዉት።

ምን ይነበብ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ሐምሌትን አትንኩ። ሙሉው ሲቀርብ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቆርጣችሁ አሳጥሩት ብትባሉም ምን እንደሚቆረጥ ለማወቅ ልምድ ይጠይቃል። ሼክስፒር ካልሆነ አይሆንም የሚል ሰው ከመካከላችሁ ካለ ማክቤዝን ስጡት፤ ከታላላቆቹ ትራጄዲዎች አጭሩ እሱ ነው፣ የሐምሌትን ግማሽ ቢያህል ነው።

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው የሩሲያዊውን ደራሲ የቼኾቭን «የጋብቻ ጥያቄ» ነው። ባለ አንድ ገቢር፣ ሦስት ሰው ብቻ፣ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ። ሎሞቭ የሚባል ልቡ የሚመታበት፣ ሁሌ አመመኝ ባይ ወጣት ጎረቤቱን ናታሊያን ለማግባት ሙሉ ልብስና ነጭ ጓንት አድርጎ ይመጣል። አባቷ ቹቡኮቭ መጀመሪያ ገንዘብ ሊበደር የመጣ ይመስለዋል። ልጅቷ ስትገባ ሎሞቭ ጉዳዩን ሳይናገር ስለ አንድ የግጦሽ መሬት ያነሳል፣ «የእኔ ነው»፣ «የእኛ ነው» ይባባሉና የአክስቱ አያት ለማን ምን እንደፈቀዱ ድረስ ይከራከራሉ። የድንበር ክርክር የማያውቅ የሐዋሳ ታዳሚ አላጋጠመኝም። ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እንዲህ ሲዋረድ ደግሞ እናቶች ከኋላ «ይበለው!» ይላሉ።

ከበድ ያለ ከፈለጋችሁ የጥንቱን ግሪካዊ የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» እመክራለሁ። ንጉሡ ክሪዮን የአንዱን ወንድሟን ሬሳ ማንም እንዳይቀብር ያውጃል፣ እሷ ትቀብራለች። ሌላ አገር ይህን ለማስረዳት መግቢያ ንግግር ያስፈልግ ይሆናል፤ እድር ባለበት አገር ግን ሬሳ ሜዳ ላይ መቅረቱ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። አዝማቾቹን፣ ማለትም በኅብረት የሚናገሩትን የቴብስ ሽማግሌዎች፣ በዕድሜ ገፋ ላሉ አራት ወይም አምስት ሰዎች አከፋፍሉ። ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚያነቡት ጥቂት መስመር ብቻ ይሁን፤ ረጅሙን በኅብረት ካነበቡት የትምህርት ቤት ሰልፍ ይሆናል።

ከእኛዎቹ የመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች፣ «ያላቻ ጋብቻ» እና «ጠልፎ በኪሴ»፣ ለንባብ የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት። ንግግሩ ፈጣን ነው፣ ቀልዱ ያለው በእንቅስቃሴው ሳይሆን በቃሉ ውስጥ ነው። ግን እዚህ ጋ አንድ ጉዳይ አለ።

ፈቃድ

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ ሥራውን ሕዝብ ፊት ማቅረብም ከመብቶቹ አንዱ ነው። መጽሐፉ መደርደሪያችን ላይ መኖሩ ለማዋስ እንጂ መድረክ ላይ ለማውጣት አያበቃንም። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ነው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም.፤ ሁለቱም ገና ናቸው። ሼክስፒር ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የጸጋዬ የሐምሌት፣ የኦቴሎና የማክቤዝ ትርጉሞች ግን የጸጋዬ ሥራዎች ናቸውና ፈቃድ ይፈልጋሉ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች አሉ፤ ይጥቆር።

መንገዱ ቀላል ነው። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ለቤተሰቡ ወይም ለአሳታሚው ይጻፋል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ መግቢያው በነጻ መሆኑ፣ የሚቆረጥ ካለ ከየት እንደሚቆረጥ ይገለጻል። መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ ማስታወቂያ አይለጠፍም።

ቼኾቭ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1904 ስለሆነ ነጻ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል መምህር ከመካከላችሁ ካለ ጁሊየስ ዌስት ከተረጎመው ላይ ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ዌስት ራሱ በ1918 ስላረፈ በዚያም በኩል ችግር የለም። የሩሲያውን ስም ወደ አቶ ከበደ አትቀይሩብኝ። ታዳሚ ኢቫን ቫሲሊየቪች የሚለውን ስም በሁለተኛው ደቂቃ ይለምደዋል።

ጽሑፉን ማዘጋጀት

ብዙው ድካም ያለው እዚህ ነው፤ ሰው ግን የሚቸኩለው እዚሁ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ አንባቢ አንድ ሙሉ ቅጂ ስጡ፣ የራሱን ክፍል ብቻ ቆርጦ መስጠት አይሆንም። በኒያላ ፊደል በ16 መጠን ይተየብ፣ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ይታተም። የአንድ ሰው ንግግር መሃሉ ላይ ገጽ አይቆረጥ፤ ገጽ ሲገለበጥ የሚመጣው ዝምታ ቀልድ ይገድላል። ስቴፕል አታድርጉ፣ በስታችሁ ክላሰር ውስጥ አስገቡት። ከጽሕፈት ቤት የሚመጣ ፋይል በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጉድ ይሆናል፤ ወደ ማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ ምልክት ማድረግ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። አንባቢ «ይመታል» የሚለውን ሲያይ መቺው ይሁን ተመቺው የሚገባው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ነው፣ ያን ጊዜ ቃሉ ከአፉ ወጥቷል። በክርክር መሃል እንዲህ ያለ ስህተት ትርጉሙን ይገለብጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ ላይ ሁሉም እርሳስ ይዞ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርግ፤ በየቃሉ ሳይሆን የሚያደናግረው ላይ ብቻ። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሌላው ተናጋሪ ሳይጨርስ የሚገባበት ቦታ ላይ ሁለት መስመር። ይህ ሁለተኛው ለቼኾቭ ግዴታ ነው፤ ሰዎቻችን ጨዋ ስለሆኑ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል፣ ጭቅጭቁም የሸንጎ ንግግር ይሆናል። የጸጋዬን ረጃጅም ስንኞች ስታነቡ ደግሞ በስንኙ መጨረሻ ሁሉ አትቁሙ፣ ሐሳቡ ወደሚያርፍበት ተሻገሩ።

«ይገባል»፣ «ይወጣል»፣ «በሩን ይዘጋል» የሚሉትን የሚያነብ አንድ ተራኪ ይኑር። ግን ሁሉንም አያነብም። ከንግግሩ ራሱ የሚታወቀውን ሰርዙለት፤ «ተናዶ» የሚለውን ማንበብ የሚናደደውን አንባቢ ሥራ መቀማት ነው። የማክቤዝ የሰይፍ ውጊያ ላይ ግን ተራኪው ብቻውን ያንብብ፣ ማንም እጁን አያወናጭፍ።

አንባቢዎችና ልምምድ

በመልክ ሳይሆን በድምፅ ምረጡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለቱን አንባቢዎች መለየት ካቃታችሁ አንዱን ቀይሩ። የኔ ምርጥ አንባቢዎች ከድራማ ክበብ የመጡት አይደሉም፤ ነርሶች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ ማንበብ የለመዱ ሰዎች ናቸው። የድራማ ልጆች ማልቀስ ይወዳሉ። በአማርኛ አፉን ያልፈታ አንባቢ፣ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የቤቱ ቋንቋ የሆነ፣ ሲመጣ ቅላጼውን ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ከተማው እንዲሁ ነው የሚናገረው።

ልምምድ ሁለት ይበቃል። አንዱ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ በስልክ ሰዓት እየተያዘ፤ ሌላው ቆሞ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ መሸምደድ ይጀምራሉ፣ የሸመደደ ሰው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ቦታው ይጠፋበታል።

በቆሙበት ልምምድ አንድ ነገር ብቻ አሠሩአቸው። የግራ አውራ ጣት የሚነበበው መስመር ላይ ያርፋል። ዓይን የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ሦስት አራት ቃላት አስቀድሞ ይለቅማል፣ ከዚያ ቀና ተብሎ እነዚያ ቃላት ለታዳሚው ይነገራሉ፣ ጣቱ እስካለ ድረስ ተመልሶ መስመሩን ማግኘት ቀላል ነው። አንባቢዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም፤ ሎሞቭም ናታሊያም ወደ ታዳሚው እያዩ ይጣላሉ። መጀመሪያ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ታዳሚው ግን ሁለቱን በሐሳቡ ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። ተራው የደረሰ ይነሳል፣ የወጣ ይቀመጣል፣ መግቢያና መውጫው ይኸው ነው።

አዳራሹና ቀኑ

ወረቀት መያዣ ለእያንዳንዱ አንባቢ ያስፈልጋል። የሙዚቃ ማቆሚያ መግዛት ውድ ነው፤ የወንጌላውያን አጥቢያዎች መዘምራን ብዙ ጊዜ አላቸው፣ ያውሳሉ። አናጢ ደግሞ በአትሮንስ አምሳል ቀለል አድርጎ ይሠራዋል፤ ቁመቱ ከደረት በታች ይሁን፣ ፊት እንዳይሸፍን።

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ በኩል ዝቅ ትላለች። አንባቢዎችን በዚያ መስኮት ፊት ካቆማችሁ ታዳሚው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። በተቃራኒው ግድግዳ አቁሟቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት አትሞክሩት፤ ዝናቡ ሲመጣ ማይክሮፎንም አያድንም። በማይክሮፎን አትመኩ፣ መብራት ይጠፋል፤ ሁሉም ያለ ማይክ እስከ ኋላ ወንበር እንዲሰማ አድርጋችሁ ተለማመዱ።

ቅዳሜ 9 ሰዓት ለእኛ ጥሩ ሆኖልናል፤ ሰው ከመምሸቱ በፊት ባጃጅ ያገኛል። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላን አስታውሱ፤ ቀኑ በየዓመቱ አያንቶ በሚባሉት ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች ቆጠራ ስለሚወሰን ከማስታወቂያው በፊት ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን አስቡ። የንባብ አዳራሹ የእነሱ ነው። ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት ወይ ሌላ ክፍል ፈልጉ ወይ ዝግጅቱን አቆዩት፤ በተውኔት ስም ተማሪ ከወንበሩ የሚያስነሳ ቤተ መጻሕፍት ሥራውን ረስቷል።

ቡናው ከንባቡ በኋላ ይቅረብ። ፈንዲሻ በፍጹም አስቀድሞ አይታደል፤ የአንቲጎኔን የመጨረሻ ንግግር በፈንዲሻ ድምፅ መሃል ሰምቼዋለሁ።

ውይይቱ

«ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁሉም የትምህርት ቤት መልስ ይሰጣችኋል። አንድ የተለየ ነገር ጠይቁ፦ ክሪዮን ሳይረፍድበት ቃሉን ቢያጥፍ ኖሮ ማን ያከብረው ነበር? ናታሊያ ሎሞቭ የመጣው ለጋብቻ እንደነበር ስትሰማ «መልሱልኝ!» ብላ የጮኸችው ለሰውየው ነው ለመሬቱ? የሲዳማ ሽማግሌዎች በአፊኒ ወግ ነገር ሲመክሩ እንደሚያደርጉት፣ ተናጋሪው ከመቀጠሉ በፊት ከእሱ በፊት የተባለውን ሰምቶ እንደሆነ ያሳይ። በምንም ቋንቋ ይናገር፣ አጠገቡ ያለ ይተረጉምለታል። ከግማሽ ሰዓት በላይ አታስኬዱት።

የተነበበው መጽሐፍና የደራሲው ሌሎች ሥራዎች በመውጫው በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይቀመጡ፣ የውሰት መዝገቡም አብሮ። አባል ያልሆነ እዚያው ይመዝገብ፤ ሰኞ ይምጣ ከተባለ አይመጣም።