በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ሲወጡ፦ ስለ ነፋስና ስለ ጉማሬ

የጣና ዳርቻ ሰው ሐይቁን «ባሕር» ይለዋል፤ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ገደማ ስለማያልፍ፣ ነፋስ ሲነሣ አጫጭርና ተከታታይ ማዕበል ፈጥኖ ይነሣበታል። የታንኳ ተጓዥ ጭንቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከነፋሱ ለመሸሽ ወደ ዳር ሲጠጋ ጉማሬው ወዳለበት ይቀርባል፣ ከጉማሬው ለመራቅ ወደ መሃል ሲገባ ደግሞ ለነፋሱ ይጋለጣል።

ከመውጣትዎ በፊት ታንኳው መቼ እንደተሠራና መቼ እንደደረቀ ባለቤቱን ይጠይቁ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል (በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል) አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል እንጂ ውኃ አያስገባም ማለት አይደለም፤ ውሎ ሲያድር እየጠጣ ይከብዳል። ጎኑን በእጅዎ ሲጫኑት ውኃ የሚወርደው ከሆነና የሻገተ ጠረን ካለው ሌላ ይፈልጉ። (ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ውቅያኖስን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር፤ እሷም ውኃ ጠጥታ በመንገድ ላይ ተፈታታለች።) ዋና ቢችሉም ላይፍ ጃኬት ያድርጉ።

ሐይቁ በአብዛኛው ጠዋት ረግቶ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። ይሁን እንጂ ሳይነጋ መውጣትም ስሕተት ነው፤ ጉማሬ ሌሊቱን በየብስ ሣር ሲግጥ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ወደ ውኃ ስለሚመለስ፣ በዚያ ሰዓት ታንኳ ለማውረድ ደንገሉ መካከል የሚቆም ሰው መንገዱን ዘግቶበታል። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት አልወጣም፤ 5 ሰዓት ሳይሞላም ለመመለስ እጥራለሁ።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ማየት የተለመደ ነው። አንድ ጠዋት በዚያ በኩል ስናልፍ፣ ታንኳውን የሚቀዝፉት አዛውንት መቅዘፊያቸውን ድንገት ከውኃው አወጡ። «አያ፣ ምን አዩ?» ብላቸው በአገጫቸው ወደ ፊት አመለከቱኝ። ከታች የሚወጣ አረፋ በመሥመር ወደ ግራችን ይሄድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ጆሮዎች ብቅ ብለው ውኃቸውን አራገፉ፤ ከዚያም ከአፍንጫው የተተፋው ጭጋግ ፀሐይ ላይ በራ። «ጥልቁን ተውለት፤ መሄጃ ካገኘ አይነካህም» አሉኝና ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ቀዘፉ።

ምክራቸው ከእንስሳው ጠባይ ጋር ይስማማል። ጉማሬ እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ የሐይቁን ወለል እየረገጠ ይሄዳል፣ ለ5 ደቂቃ ያህልም ሳይተነፍስ ሊቆይ ስለሚችል ከጠለቀበት ቦታ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ያሳስታል። ቢያንስ 100 ሜትር ይራቁ፤ ግልገል ካዩ ርቀቱን ይጨምሩ። አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል፤ ለፎቶግራፍ የሚጣደፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ቅጽበት ነው፣ እሱ ግን እየዛተ ነው። ደንገሉን ሰንጥቆ በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ፈጽሞ አይግቡ፤ መንገዱን የከፈተው ራሱ ጉማሬው ሊሆን ይችላል።

ወፎቹ የሚጠይቁት ትዕግሥት ብቻ ነው። ነጭ ፔሊካኖች ዓሣ ሲከብቡ ግማሽ ክብ ሠርተው፣ ምንቃራቸውን በአንድነት እየነከሩ ይጓዛሉ፤ መካከላቸውን ቀዝፎ ማለፍ አደናቸውን ማበላሸት ስለሆነ ቆመው ያሳልፏቸው። ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው፣ አንዳንዱ ጎብኚ አዞ መስሎት የሚደነግጥበት እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ አርጃኖ የተባለው ትልቅ እንሽላሊት ነው።

ነፋሱ መንገድ ላይ ከቀደመዎት አይነሡ፤ ዝቅ ብለው ተቀምጠው የታንኳውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ያቅኑ እንጂ ጎኑን አይስጡ። በአቅራቢያ ደሴት ካለ እዚያ ወርደው ውኃው እስኪረጋ ይጠብቁ፤ የዘገየ ምሳ ቀላል ዕዳ ነው። ሲመለሱም ታንኳውን ከቀዛፊው ጋር አንሥተው ፀሐይ ላይ ያቁሙ፤ ውኃ የጠጣ ደንገል ለአንድ ሰው ይከብዳል።