የተዋስኩትን ዕቃ ቆይቼ ልመልስ? በፈረንሳይኛ

ሊዮን ውስጥ ከጎረቤቴ፣ ከአንዲት ትልቅ ሴት፣ ድሪል ተዋስኩ። መደርደሪያዬ ስላላለቀ እስከ ቅዳሜ ላቆየው ፈለግኩ። ይህን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የስልኬን መተርጎሚያ አምኜ «ዠ ቨ ርቱርኔ ላ ፔርሰዝ ሳምዲ» አልኳቸው፤ «ድሪሉን ቅዳሜ መመለስ እፈልጋለሁ» ለማለት ነበር። ግራ ገባቸው። «ርቱርኔ» በብዛት ሰው ወደ ነበረበት ሲመለስ፣ ዕቃ ሲገለበጥ ወይም ለሻጭ ሲላክ ነው። የተዋሱትን መመለስ «ራንድር» ይባላል። «ዠ ቨ» ደግሞ «እፈልጋለሁ» ነው፤ ለልመና ይከብዳል።

በማግስቱ «ዠ ቩ ላ ራን ፕሉ ታር» አልኩ። ግሱ ተስተካከለ። ግን «በኋላ እመልሳለሁ» ብሎ ማሳወቅ እንጂ ፈቃድ መጠየቅ አልሆነም። መቼ እንደሆነም አይናገርም። ፊታቸው አልተፈታም።

በሦስተኛው ቀን በራቸውን አንኳኩቼ፣ ከሁሉ በፊት ሰላምታ አስቀደምኩ፦

«ቦንዡር ማዳም። ኤስክ ዠ ፑሬ ቩ ላ ራንድር ሳምዲ፣ ሲል ቩ ፕሌ?»

«እባክዎ፣ ቅዳሜ ብመልስልዎ ይቻላል?» እንደማለት ነው። ፈገግ ብለው «ፓ ደ ሱሲ» አሉኝ፤ ችግር የለም።

ለውጡን ያመጣው «ፑሬ» ነው። «እችል ይሆን?» እንደማለት ስለሆነ፣ «ፐ» («እችላለሁ») ከማለት በጣም ይለሰልሳል። «ቩ» የእኛ «እርስዎ» ነው፤ ለጓደኛ ከሆነ «ት ላ ራንድር» እና «ሲል ት ፕሌ» በሉ። «ላ» ዕቃውን የሚተካ ቃል ነው፤ ድሪል («ፔርሰዝ») በሴት ጾታ ይጠራልና። ዕቃው እንደ መጽሐፍ፣ «ሊቭር»፣ በወንድ ጾታ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ «ላ» ወደ «ለ» ይቀየራል።