ቢትኮይን የተሞላበት ሳንቲም እንዴት ይሸጣል?

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ከናስ ወይም ከብር የተሠራ እውነተኛ ሳንቲም ነው፣ በእጅ የሚያዝ። ጀርባው ላይ የሚያብረቀርቅ ሆሎግራም ተለጥፏል። ከሆሎግራሙ ስር ትንሽ ክብ ወረቀት አለች። እሷ ላይ የአንድ የቢትኮይን አድራሻ የሚስጥር ቁልፍ ታትሟል፣ ፕራይቬት ኪይ የሚሉት። ቁልፉን ያየ ሰው አድራሻው ላይ ያለውን ገንዘብ ጠራርጎ መውሰድ ይችላል። ሆሎግራሙ ደግሞ ሲላጥ የማር እንጀራ የመሰለ ምልክት ትቶ ነው የሚነሳው፣ እንዲሁ በቀላሉ መልሶ መለጠፍ የለም።

ቢትኮይን ብቻ መሸጥ የፈለገ ሰው ስልኩን አውጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይሸጣል። ሳንቲሙ ከውስጡ ካለው ቢትኮይን በላይ የሚያወጣው ያ ተለጣፊ ስላልተነካ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ ፎቶውም ክፍያውም ፖስታውም፣ አንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናል፦ «ይሄ ሳንቲም አልተከፈተም» የሚለውን ጨርሶ የማያውቃችሁን ሰው ማሳመን።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

የቢትኮይን ምልክት የተቀረጸባቸው ወርቅ ቅብ ሳንቲሞች የትም ሞልተዋል። ሆሎግራም የላቸውም፣ ቁልፍ የላቸውም፣ ውስጣቸው ምንም የለም። ጠረጴዛ ላይ ለጌጥ የሚቀመጡ ናቸው። የያዛችሁት ከነዚህ አንዱን ከሆነ ጽሑፉን እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ካሳሺየስ የሚባለውን ነው። አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ማይክ ካልድዌል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያመርተው ነበር። በ2013 መጨረሻ ላይ ገንዘብ የተሞላባቸውን መሸጥ አቆመ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በጠቅላላው 28 ሺህ ገደማ ቢሠራ ነው፣ ብዙዎቹም ተልጠው ገንዘባቸው ወጥቷል። የመጀመሪያው ዙር ሆሎግራም ላይ የራሱ የካሳሺየስ ስም አንድ «ኤስ» ተገድፎበት ነው የታተመው። ስህተት ያለበት ሳንቲም በሰብሳቢ ዓለም ይወደዳል እንጂ አይረክስም። ስለዚህ ሆሎግራሙን በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አንብቡት።

ሌሎችም አሉ። ሊያላና ላይትኮይን የሚባል ሌላ ዲጂታል ገንዘብ በተሞላባቸው ሳንቲሞቹ ይታወቃል፣ ዴናሪየም የፊንላንድ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ፈላጊ አለው። ችግሩ የሚመጣው ሠሪው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ነው። ቁልፉ ወረቀቷን ባተመው ሰው እጅ አልፎ ነው የመጣው፣ ቅጂ አስቀርቶ ይሁን አይሁን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የካሳሺየስ ሳንቲሞች ተፈላጊ የሆኑትም አንዱ በዚህ ነው። ስንት ዓመት አልፎ ያልተላጡት ውስጥ ያለው ገንዘብ ዛሬም ከነተለጣፊው እዚያው አለ፣ ሰዎችም ይህን አይተው ሠሪውን ያምኑታል።

ገንዘቡ መኖሩን ቼክ አድርጉ

ለዚህ ሳንቲሙን መክፈት አያስፈልግም። ካሳሺየስ ላይ በሆሎግራሙ መስኮት በኩል የአድራሻው የመጀመሪያ 8 ፊደላትና ቁጥሮች ይታያሉ። ካልድዌል የሳንቲሞቹን ሙሉ አድራሻዎች ዝርዝር ይፋ አድርጎታል። ከዝርዝሩ ውስጥ በ8ቱ የሚጀምረውን ፈልጉ፣ ከዚያ ብሎክቼይንን፣ ማለትም የቢትኮይን ዝውውር ሁሉ የሚመዘገብበትን የሕዝብ መዝገብ፣ የሚያሳይ ማንኛውም ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ገንዘቡ መቼ እንደገባ፣ ዛሬ ስንት እንዳለ፣ ወጥቶም ከሆነ በየትኛው ቀን እንደወጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንዳንድ ገዢ «አድራሻው የአንተ መሆኑን በፊርማ አረጋግጥልኝ» ይላል። በተራ ዋሌት፣ ማለትም ቁልፎችን በሚይዝ መተግበሪያ፣ ይህ ይቻላል። ባልተከፈተ ሳንቲም ግን አይቻልም፣ መፈረም የሚችለው ቁልፉን ያየ ብቻ ነዋ። እንዲያውም ፈርሞ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሳንቲሙ ተከፍቷል ወይም ቁልፉ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። ይህን ለገዢው በትህትና አስረዱት።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ቢትኮይን ካሽ የሚባል ሌላ ዲጂታል ገንዘብ ከቢትኮይን ሲገነጠል ያኔ አድራሻ ላይ የነበረ ቢትኮይን ሁሉ እኩል ቁጥር ያለው ቢትኮይን ካሽ አብሮት ተወልዷል። ከዚያ በፊት የተሞላና ያልተነካ ሳንቲም እሱንም ይዟል ማለት ነው። ከቢትኮይኑ ጋር ሲተያይ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ስትደራደሩ መጥቀሱ አይከፋም።

መሸጥ ወይስ መላጥ?

ሁሉም ሳንቲም እንዳለ መሸጥ አለበት ብዬ አላምንም። ሆሎግራሙ ጥጉ ከተነሳ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ሠሪው የማይታወቅ ከሆነ ሰብሳቢው ተጨማሪ አይከፍልላችሁም። ያኔ ልጣችሁ ገንዘቡን ወደ ራሳችሁ ዋሌት አዛውሩት። ባዶውን ሳንቲም ራሱ የሚገዛ ሰብሳቢ አይጠፋም።

ካሳሺየስ ውስጥ ያለው ቁልፍ አጠር ያለ ዓይነት ነው። በ«ኤስ» ይጀምራል፣ የመጀመሪያዎቹ ላይ 22 የኋለኞቹ ላይ 30 ፊደልና ቁጥር አለው። ይህን አጭር ቁልፍ የማይቀበል ዋሌት አለ፣ ስለዚህ ከመላጣችሁ በፊት ዋሌታችሁ እንደሚቀበለው አረጋግጡ። ከተላጠ በኋላ ደግሞ ከአድራሻው ላይ ያለውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ አዲስ አድራሻ ላኩት። ግማሹን እዚያው ትቶ መሄድ ቁልፉን በር ላይ ሰክቶ እንደመውጣት ነው።

ሆሎግራሙ ንጹሕ፣ ሠሪው የታወቀ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። አንዴ ከተላጠ ያ ተጨማሪ ዋጋ ላይመለስ ይሄዳል።

አትወልውሉት

ይህን ከባድ ፊደል ቢኖረኝ በእሱ እጽፈው ነበር። የደበዘዘ ናስ ሲያዩ እጃቸው ወደ ጨርቅ የሚሄድ ሰዎች አሉ። የተወለወለ ሳንቲም ለሰብሳቢ የተበላሸ ሳንቲም ነው፣ ማጽጃ ፈሳሽ ደግሞ የሆሎግራሙን ሙጫ ያላላዋል። ጠርዙን በሁለት ጣት ያዙ፣ ፊቱን አትንኩ። በልኩ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ቆብ ውስጥ አስቀምጡት። ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ያለበት ለስላሳ ከረጢት ብረቱን ከጊዜ በኋላ ያጠቃዋል፣ ከሱ ራቁ። ፀሐይና ሙቀትም ተለጣፊውን ይጎዳሉ።

ዋጋው ከፍ ያለ ሳንቲም ከሆነ ደረጃ ማሰጠቱ ያዋጣል። ፒሲጂኤስና አናክስ የሚባሉት የሳንቲም መርማሪዎች እነዚህን ይቀበላሉ። ትክክለኛነቱን አይተው፣ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ነጥብ ሰጥተው፣ ቁጥር ባለው የታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡላችኋል። ለገዢው ትልቅ እፎይታ ነው፣ ሦስተኛ ወገን አይቶታልና። የሚከፋው ነገር ሳንቲሙን ከነገንዘቡ ለማታውቁት ሰው በፖስታ መላክ ማስፈለጉ ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ከሆነ ወጪውና ጭንቀቱ ላያዋጣ ይችላል።

ፎቶ

እዚህ ላይ አትስነፉ። የፊትና የጀርባ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ሆሎግራሙን ከጎን ብርሃን እየመታው ቢያንስ ከሦስት አቅጣጫ አንሱት፣ የጠርዙን ዙሪያ በቅርብ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴፍኮን በተባለው የሀከሮች ጉባኤ ላይ ሰዎች በመርፌ ማሟሟያ ፈሳሽ እየወጉ የካሳሺየስን ሆሎግራም ምልክት ሳይተው አንስተው አሳይተዋል። ልምድ ያለው ገዢ ይህን ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያየው ጠርዙን ነው፤ አንዲት ያበጠች ቦታ፣ የሙጫ ወዝ፣ ወይም መሃል ላይ የማይቀመጥ ተለጣፊ ካየ ይሄዳል።

በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የዕለቱን ቀንና ስማችሁን ጽፋችሁ ከሳንቲሙ አጠገብ አስቀምጡና አብራችሁ አንሱ። ከኢንተርኔት የተሰረቀ ፎቶ አለመሆኑ ይታወቃል። የአድራሻው መታየት ገንዘቡን ለአደጋ አያጋልጥም፣ አድራሻ የሕዝብ ነው። አደጋው ሌላ ነው፦ እናንተ ቤት ምን እንዳለ ሰው ያውቃል። ፎቶው ውስጥ የተነሳበትን ቦታ የሚያሳየውን መረጃ አጥፉት፣ መስኮታችሁም ከበስተጀርባ አይታይ።

ዋጋው

ዋጋው ሁለት ነገር ነው፦ ውስጡ ያለው ቢትኮይንና የሰብሳቢ ጭማሪ። የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ ሰዎች የጠየቁትን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቱ። ጨረታ ቤቶች ያለፈ ሽያጫቸውን በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ፣ ግሬትኮሌክሽንስ ለምሳሌ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ባለ 25 ቢትኮይን ካሳሺየስ እዚያ ከ1.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። የብዙ ሰው ሳንቲም ባለ 25 አይደለም፣ ስለዚህ የእናንተን መጠን፣ የእናንተን ዓመትና ደረጃ የሚመስለውን ፈልጉ።

ዋጋውን በዶላር ቆርጣችሁ አትለጥፉ። ሳምንት ሳይሞላ የቢትኮይን ዋጋ ከጨመረ እናንተ ትከስራላችሁ፣ ከወረደ ገዢው ይሸሻል። «የዕለቱ ዋጋ ሲደመር ይህን ያህል በመቶ» በሉ፣ የዕለቱ ዋጋ ከየትኛው መገበያያና በስንት ሰዓት እንደሚወሰድም አብራችሁ ተስማሙ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህች ትንሽ ነገር ነው።

ክፍያ

ገዢው በኋላ ሊያስመልሰው በሚችል መንገድ አትቀበሉ። በካርድ የተከፈለ ገንዘብ ከሳምንታት በኋላ «አልደረሰኝም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። እናንተ ሳንቲሙን ልካችኋል፣ እሱ ቁልፉን አይቷል፣ ተበላችሁ። በቢትኮይን መቀበል ቀላሉ ነው፣ ክፍያው ብሎክቼይኑ ላይ 6 ጊዜ ሳይረጋገጥ (6 ማረጋገጫ የሚሉት ነው) ግን ዕቃውን አትልቀቁ። የባንክ ዝውውርም ይሆናል፣ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ከባንኩ ካረጋገጣችሁ። ገዢው የላከላችሁ ስክሪንሾት ማረጋገጫ አይደለም።

ገዢም በተራው ይፈራችኋል፣ ልክም ነው። መሃል ላይ ገንዘቡን የሚይዝ ሰው ወይም ድርጅት፣ ኤስክሮው፣ የሚጠቅመው እዚህ ነው። አጭበርባሪው ብዙ ጊዜ ኤስክሮውን ራሱ ነው ይዞ የሚመጣው፣ ራሱ የከፈተው ፎርጅድ ድረ ገጽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ኤስክሮውን እናንተ ፈልጋችሁ አግኙ፣ የተላከላችሁን ሊንክ አትጫኑ። ወይም ነገሩን ለጨረታ ቤት ስጡት። ኮሚሽን ይቆርጣል፣ ግን የሁለታችሁንም ፍርሃት እሱ ይሸከማል። ውድ ሳንቲም ላለው ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

በአካል መገናኘት ከመረጣችሁ ካሜራና ጥበቃ ያለበት ቦታ ይሁን፣ ባንክ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ብቻችሁን አትሂዱ።

መላክ

ሲታሸግ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ሳይቆራረጥ፣ ከሳንቲሙ ቅርብ ፎቶ እስከ ካርቶኑ መዘጋት። ገዢውም ሲከፍት እንዲቀርጽ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሳንቲሙ እንዳይንቀሳቀስ ጠበቅ አድርጉት፣ ቴፕ ግን ሆሎግራሙ አጠገብ አይድረስ። ካርቶኑ ላይ «ቢትኮይን» የሚል ቃል አይጻፍ። በየደረሰበት በፊርማ የሚያልፍ የአደራ ፖስታ ተጠቀሙ። ኢንሹራንሱን ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት አንብቡ፣ ብረቱን ሸፍኖ ውስጡ ያለውን ገንዘብ የማይሸፍን ውል አለ።

ገዢው «ተከፍቶ ነው የደረሰኝ» ቢል ብሎክቼይኑን እዩ። ገንዘቡ የወጣበት ሰዓት እዚያ ተመዝግቧል፣ ከፖስታው መከታተያ ሰዓት ጋር አስተያዩት። ካልወጣ ደግሞ ወዲያው ቪዲዮውን ጠይቁት።

የሽያጩን ቀን፣ የተቀበላችሁትንና መጀመሪያ የገዛችሁበትን ዋጋ መዝግቡ። ብዙ አገር ትርፉን ግብር ያስከፍልበታል።

ራሳችሁ ሠርታችሁ መሸጥ ብታስቡስ?

ያ ሌላ ሥራ ነው። ካልድዌልን ያስቆመው የአሜሪካ የገንዘብ ወንጀል ተቆጣጣሪ ፊንሴን እ.ኤ.አ. በ2013 ገንዘብ እንደሚያስተላልፍ ድርጅት እንቆጥርሃለን ብሎ ስለጻፈለት ነው። ያ ማለት ምዝገባ፣ ፈቃድና የወጪ ዓይነት ነው። ስለዚህ ቢትኮይን ሞልታችሁ ከመሸጣችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አናግሩ።

ብዙዎች የሚመርጡት ሳንቲሙን ባዶ ሸጦ ገዢው ራሱ እንዲሞላው ማድረግ ነው። «ሠሪው ቁልፉን አስቀርቶ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ግን በዚህ አይጠፋም። ለዚህ ራሱ ካልድዌል የተሳተፈበት ቢፕ 38 የሚባል አሠራር አለ። ገዢው የይለፍ ቃል ይመርጣል፣ ከሱ የወጣ ኮድ ብቻ ለእናንተ ይልካል። እናንተ በኮዱ የተቆለፈ ቁልፍ አትማችሁ ሳንቲሙ ውስጥ ትከታላችሁ፣ ልፈተው ብትሉም አትችሉም፣ የሚፈታው ገዢው ነው። ሳንቲሙ ቢሰረቅ ሌባውም ያለ ይለፍ ቃሉ ምንም አያገኝም። ገዢው ቃሉን ከረሳ ግን እናንተም ልትረዱት አትችሉም፣ ይህንን ከሳንቲሙ ጋር በምትልኩት ወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ ጻፉት።